ፖኬሞን ወይስ ዩጊዮ? ለባሕር ዳርና ለማርቆስ ወላጆች

ውጭ ያለ ዘመድ «ለልጁ ምን ላምጣለት?» ብሎ ሲደውል ልጁ ከጎን ሆኖ «የሚዋጉትን ካርዶች!» ይላል። የትኞቹን? ስመ ጥሮቹ ፖኬሞንና ዩጊዮ ናቸው። አንዱ ካርድ ከሌላው ጋር አይጫወትም። ወንድም አንዱን፣ እህት ሌላውን ከያዙ ሁለቱም ተጋጣሚ አጡ ማለት ነው።

ልጁ ገና ትንሽ ከሆነ እኔ ፖኬሞን እላለሁ። ምክንያቴ ጽሑፉ ነው። ካርዱ ላይ ሥዕሉ ሰፊ ነው፤ ከሥሩ አንድ ወይም ሁለት ጥቃት፣ በስተቀኝ የጉዳቱ ቁጥር አለ። እንግሊዝኛው ያልጠናለት ልጅም ቁጥሩንና የኃይል ምልክቱን አይቶ ይግባባዋል። በየተራው አንድ የኃይል ካርድ ያያይዛል፣ ይመታል፣ ተራውን ይለቃል። የተጋጣሚውን ፖኬሞን በጣለ ቁጥር ከሚያነሣቸው ስድስት የሽልማት ካርዶቹን ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል።

ዩጊዮ ግን በደቃቅ ጽሑፍ የታጨቀ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች በ8000 የሕይወት ነጥብ ይጀምራሉ፤ በአንድ ተራ ካርድ በካርድ ላይ ይወርዳል፣ ተጋጣሚም መሃል ላይ ጣልቃ ይገባል። ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የገባ ጎረምሳ ይህንኑ ሊወደው ይችላል፤ ጭንቅላት ያሠራል። የ8 ዓመት ልጅ ግን ይሰላቻል።

ከምርጫው በላይ ገንዘብ የሚያስበላው የእሽጉ ዓይነት ነው። ትንሿ የፖኬሞን እሽግ 10 ካርድ ይዛ ትመጣለች፤ ምን እንደሚወጣ ዕጣ ነው። ለመጫወት ልክ 60 ካርድ ያስፈልጋል። «ስድስት እሽግ ገዛሁ፣ ሞላልኝ» ማለት ግን አያዋጣም። ቻሪዛርድ የተባለው ፖኬሞን ወጣለት እንበል፤ ከሥር የሚያድግበት ቻርማንደር ከሌለው ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ ሊያወርደው አይችልም። ስለዚህ ዘመድዎን «ባትል ዴክ» በሉት፤ 60ውም ተሰናድቶ የመጣ ነው። ልጆቹ ሁለት ከሆኑ «ባትል አካዳሚ» ይሻላል፤ ሦስት የተዘጋጁ ጥቅሎችና መጫወቻ ሰሌዳ አለው። ለዩጊዮ «ስትራክቸር ዴክ» ይጠይቁ፤ እዚያ ዝቅተኛው 40 ካርድ ነው። የፖኬሞን የጉዳት መቁጠሪያ ከጠፋ ሽንብራ ይበቃል፤ አንዷ ፍሬ 10 ጉዳት።

ርካሽ ወርቃማ የፕላስቲክ ፖኬሞን ካርዶች ካዩ ከሞላ ጎደል ሁሉም ፎርጅድ ናቸው። ደብተር ላይ ለመለጠፍ ምን ችግር አለው፤ የኦሪጅናል ዋጋ ግን እንዳይከፍሉ። ጀርባውን ኦሪጅናል ከሆነ ካርድ ጎን አድርገው ያስተያዩት፤ የፎርጅዱ ሰማያዊ ብዙ ጊዜ የደበዘዘ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ ነው። ዩጊዮ ላይ ደግሞ ታች በስተቀኝ ጥግ የምታብለጨልጭ ትንሽ ማኅተም ይፈልጉ።

ካርዱ የሚገባበት የፕላስቲክ ልባስም አብሮ ይላክ፣ በተለይ ባሕር ዳር ለሚኖር። በእርጥበት የሚያብረቀርቁት ካርዶች ይቆለመማሉ። ልባሱ እንደ ካርዱ መጠን ይለያያል፦ ፖኬሞን 63 በ88 ሚሊ ሜትር፣ ዩጊዮ 59 በ86።

ብር ሳያወጡ ልጁ የምር ይወደው እንደሆነ ማየት ከፈለጉ በ2024 የወጣው «ፖኬሞን ፖኬት» ስልክ ላይ በነፃ ይጫናል። በቀን ሁለት እሽግ በነፃ ያስከፍታል፤ ጨዋታውም በ20 ካርድ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ውስጡ በገንዘብ የሚገዛ ነገር ስላለ ስልኩን ከመስጠትዎ በፊት ክፍያውን ይቆልፉት።