ካርቶን፣ ጣውላ፣ ቺፑድ ወይስ ፕላስቲክ? ለጅማ ሱቅና ቤት ዕቃ ስትመርጡ

ጅማ ላይ የሱቅ መደርደሪያ ወይም የባዛር ማሳያ የሚፈልግ ሰው አራት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል፤ አናጢ የሚሠራው ጣውላ፣ ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የተሠራው፣ ተቆርጦ በብሎን የሚገጣጠመው ቺፑድ፣ በየሱቁ በር ተደራርቦ የሚሸጠው ፕላስቲክ፣ እንደ እኛ ያሉ አነስተኛ አምራቾች የሚያዘጋጁት ካርቶን። የእኔ እንጀራ ካርቶኑ ነው፤ አስቀድሜ መናገሬ አንባቢ የማደላበትን ጎን አውቆ እንዲያነብ ነው። ያም ሆኖ ካርቶን በማይሆንበት ቦታ ካርቶን መሸጥ እጅግ የምጠላው ነገር ነው። በሐምሌ የተልፈሰፈሰ አንድ መደርደሪያ ያየ ደንበኛ በጥር የቆመውን ጥሩ ማሳያ አያምንም፤ አይፈረድበትምም።

ስለዚህ ሰው ሲመጣ ዋጋ ከመናገሬ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ዕቃው የሚቆመው የት ነው? የሚቆየውስ ለምን ያህል ጊዜ ነው? ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም በመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ይዘልቃል። ወረቀት ደግሞ እርጥበትን ከአየር ይጠጣል። የውኃ ጠብታ ባይነካው እንኳን የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ ወደ 90 በመቶ ሲወጣ የካርቶን የመሸከም አቅም በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ለደረቅ አገር የተጻፈ ማስታወቂያ ይህን አይነግራችሁም፤ የጅማ ገዢ ግን ከዚህ መጀመር አለበት።

የካርቶን ጉልበት ከየት ይመጣል

ለዕቃ የሚሆነው ካርቶን የሳሙናና የብስኩት ማሸጊያ ከሚሠራበት ወገን ነው። በሁለት ጠፍጣፋ ወረቀቶች መካከል በሞገድ መልክ የታጠፈ ሌላ ወረቀት ገብቶ ከስታርች በተሠራ ሙጫ ይጣበቃል። ባለ አንድ ሞገዱ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ሁለት ሞገድ የተደረበበት ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ሞገዱ እንደ ቤት ምሰሶ ቀጥ ብሎ ሲቆም ብዙ ይሸከማል፤ ሲጋደም ይታጠፋል። ገዢ ይህን በዓይኑ ማረጋገጥ ይችላል። የመደርደሪያውን ቋሚ ክፍል ጠርዝ እዩ፤ የሞገዱ ቀዳዳዎች በላይኛውና በታችኛው ጠርዝ ከታዩ ሥራው ትክክል ነው፤ በግራና በቀኝ ከታዩ ግን ሞገዱ ተኝቷል ማለት ነውና አትግዙት። ከዚያ በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት። ጥሩ ካርቶን ይመክታል፤ ቀድሞ ሌላ ዕቃ ተሸክሞ የደቀቀ ካርቶን ግን እንደተጎደጎደ ይቀራል። ያገለገለ የማሸጊያ ካርቶን ለዋጋ ማሳያ ሰሌዳ ወይም ለመሳቢያ መከፋፈያ ይሆናል፤ ለቋሚ እግር አይሆንም።

«ካርቶን ሰው ይችላል እንዴ?» ብለው ለሚጠይቁኝ የቶኪዮ ኦሊምፒክን እጠቅሳለሁ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ሰለሞን ባረጋ በ10,000 ሜትር ወርቅ ባገኘበት ውድድር፣ በአትሌቶች መንደር የነበሩት አልጋዎች ከካርቶን የተሠሩ ነበሩ፤ እስከ 200 ኪሎ እንዲሸከሙም ታስበው ነበር። ነገሩ እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን እነዚያ አልጋዎች ለውድድሩ ሰሞን የተሠሩ መሆናቸውን ይጨምራል። ካርቶን ዛሬ የቻለውን ክብደት ከስድስት ወር በኋላ ላይችለው ይችላል፤ ሸክሙ ሳይነሣለት ሲቆይ ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ስለዚህ በማሸጊያ ሥራ ያለው ልማድ ለአፍታ 100 ኪሎ የቻለውን ነገር ለወራት ሲሆን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ብቻ እንደሚችል አድርጎ ማስላት ነው። ሻጭ «ይህን ያህል ኪሎ ይችላል» ሲላችሁ «ለስንት ጊዜ? በየትኛው ወር?» በሉት። መልስ ከሌለው ክብደቱን በገዛ ዕቃው ላይ ሞክሮት አያውቅም።

ቡናና ማር ጎን ለጎን የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ስሌት በየቀኑ ያገኘዋል። በግማሽ ኪሎ የታሸገ የተቆላ ቡና 24 ፓኬት ቢደረደር 12 ኪሎ ነው፤ በደንብ የተሠራ ባለ ሁለት ሞገድ መደርደሪያ ያለ ችግር ይይዘዋል። ማር ግን አንዱ ሊትር ብቻ ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። 20 የአንድ ሊትር ማሰሮዎች በአንድ መደብ ላይ ሲቀመጡ የማሰሮው ክብደት ሳይቆጠር 28 ኪሎ ናቸው። ማሩን ከታች በጣውላ መደብ ላይ፣ ቡናውን ከላይ በካርቶኑ ላይ እንድታስቀምጡ የምመክረው ለዚህ ነው።

ከአናጢው ጋር

ከጅማ አናጢ ጋር ልፎካከር አልፈልግም፤ ብፈልግም አልችልም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጅማ በርጩማ ምስማርም ኮላም የለበትም፤ ወለል ሲታጠብ ይርሳል፣ ተመልሶ ይደርቃል፣ ልጅም ወርሶት ይቀመጥበታል። ለመቀመጫ፣ ለምግብ ጠረጴዛ፣ ለአልጋ የምትፈልጉት ከሆነና አቅሙ ካላችሁ ጣውላ ግዙ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ እንጨቱ ደርቋል ወይ? በጥድፊያ ከእርጥብ እንጨት የተሠራ ቁም ሳጥን ቤት ከገባ በኋላ ይጠማዘዛል፣ በሩም አይገጥምም።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዋንዛ በአካባቢያችን ለቡና ጥላ የሚሆን ዛፍ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ከኮሶ፣ ከዝግባና ከሀበሻ ጽድ ጋር ስሙን ጠርቶ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። እንዲህ ያለ ዛፍ ለትውልድ የሚቆይ ወንበር ቢሆን ደስ ይለኛል። ለሦስት ቀን ባዛር ቆሞ ከዚያ በኋላ በጓሮ ዝናብ የሚመታው ማሳያ ሲሆን ግን ልቤን ያመኛል። ለሦስት ቀን ሥራ የሦስት ቀን ዕቃ አለ።

ቺፑድ፤ የእኛ ዋናው ተፎካካሪ

በእውነት የምንፎካከረው ከቺፑድ ጋር ነው፤ ምክንያቱም ገዢው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ ጣውላ የከበደው፣ ግን የሚያምር መደርደሪያ የሚፈልግ። በደረቅ ክፍል ውስጥ፣ አንዴ ተተክሎ ለዓመታት ለማይነቃነቅ ዕቃ ቺፑድ ከካርቶን ይበልጣል። ይጸዳል፣ ጠርዙ በቶሎ አይጎዳም፣ ከባድ ዕቃ ለረጅም ጊዜ ይይዛል። የመድኃኒት ቤት ወይም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ባለቤት ሆኖ ቋሚ ባንኮኒና የግድግዳ መደርደሪያ የሚያሠራ ሰው ቺፑድ ቢመርጥ ልክ ነው።

ነገር ግን ቺፑድ ውኃን እንደሚቋቋም አድርጎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው። የእኛ ሰው ወለሉን በውኃ ያጥባል፤ ሊሾ ወለል ላይ የቆመ የቺፑድ ቁም ሳጥን እግሩ ያብጣል፣ ልባጡም ይነሣል። ያበጠው ተመልሶ አይቀንስም። እዚህ ላይ ቺፑድም ካርቶንም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ከወለሉ ከፍ ማለት ይፈልጋሉ። ልዩነቱ የካርቶኑ እግር ቢበላሽ ሌላ እግር ቆርጦ መተካት ቀላል መሆኑ ነው።

ከዚያ ክብደቱ አለ። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቺፑድ በካሬ ሜትር ወደ 12 ኪሎ ይመዝናል፤ ባለ ሁለት ሞገድ ካርቶን ግን አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም። ይህ ቁጥር ዋጋ ያለው ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው። በየዓመቱ የኪራይ ቤት የሚቀይር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቺፑድ መደርደሪያውን ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሁለት ጊዜ ሲገጥም የብሎኑ ቀዳዳ ይሰፋል፤ በሦስተኛው መደርደሪያው ይወላገዳል። ተጣጥፎ በብብት የሚያዝ የካርቶን መደርደሪያ ግን ባጃጅ ውስጥ ከባለቤቱ አጠገብ ተቀምጦ ይሄዳል። አዲስ የቺፑድ ዕቃ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ካለውም ከሙጫው የሚወጣ ፎርማልዲሃይድ ነው፤ ሕፃን በሚተኛበት ጠባብ ክፍል ከማስገባታችሁ በፊት አየር በሚዘዋወርበት ቦታ አቆዩት።

ፕላስቲክን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። በረንዳ ላይ፣ ዝናብ በሚያገኘው የሻይ ቤት ደጃፍ፣ በመታጠቢያ ክፍል፣ ከእርሱ የሚሻል ርካሽ ነገር የለም። ፀሐይ እየዋለበት ሲሰነብት ይሰባበራል፤ እግሩ ከተሰበረም የሚጠግነው የለም። ሰው የሚቀመጥበት ከሆነ የእግሩን ውፍረት እያያችሁ ግዙ።

ካርቶን የሚያሸንፍበት ቦታ

ማሳያ ነው። እዚህ ላይ ያለ ይሉኝታ እናገራለሁ። በባዛር፣ በምርቃት ሰሞን፣ በትምህርት ቤት የሳይንስ ትርኢት ላይ፣ አዲስ ምርት በሚተዋወቅበት ሱፐርማርኬት ውስጥ ከካርቶን ማሳያ የሚሻል አላየሁም። የድርጅታችሁ ስምና ምስል በራሱ በካርቶኑ ላይ ይታተማል። መደቡ በምርቱ ልክ ይቆረጣል፤ የማሩ ማሰሮ በሚገባበት ቀዳዳ ብቻ ይገባል፣ ሰው ሲነካው አይንሸራተትም። ሥራው ሲያልቅ ተጣጥፎ ከቁም ሳጥን ጀርባ ይቀመጣል። ሮልአፕ ባነር፣ ማለትም ተዘርግቶ የሚቆመውና ተጠቅልሎ የሚገባው ማስታወቂያ፣ ርካሽ ይመስላል፤ ግን ዕቃ አይይዝም፣ ስለዚህ ከሥሩ ሌላ ጠረጴዛ ትከራያላችሁ፤ የሚታተምበትም ፕላስቲክ በመሆኑ ዓመተ ምሕረቱ ወይም ስልኩ ሲቀየር ባነሩ ቆሻሻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከባዛር ባዛር የምትዞሩ ከሆነ ግን የብረት ማቆሚያ አሠርታችሁ የካርቶኑን ፊት ብቻ መቀየር ያዋጣችኋል።

ዋጋውን ስታነጻጽሩ የዕቃውን ብቻ አታወዳድሩ። የማጓጓዣውን፣ የሚጭነውንና የሚያወርደውን ሰው፣ ከዝግጅቱ በኋላ የሚቀመጥበትን ቦታ ደምሩበት፤ ከዚያ ዕቃው በእውነት በሚሠራባቸው ቀናት አካፍሉት። ለሁለት ዝግጅት የሚሆን ማሳያ በዚህ ስሌት ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ወደ ካርቶን ያጋድላል። አሥር ዓመት ለሚቆም ባንኮኒ ደግሞ ያው ስሌት ጣውላን ያስመርጣል።

ለቤት ውስጥ ዝርዝሩ አጭር ነው። ለልጆች መጻፊያ ጠረጴዛና ለመጫወቻ ማስቀመጫ ካርቶን ጥሩ ነው፤ ሹል ማዕዘን የለውም፣ በላያቸው ቢወድቅ አይጎዳቸውም፣ ቀለም ቢቀቡትም ማንም አይቆጣቸውም። ለጫማ መደርደሪያ አይሆንም፤ በክረምት ጭቃና ውኃ ይዞ የሚገባ ጫማ በአንድ ወር ያበሰብሰዋል። ከሰል በሚቀጣጠልበት፣ ጀበና በሚጣድበት፣ መብራት ሲጠፋ ሻማ በሚለኮስበት ቦታ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ወረቀት ነውና ይነዳል። ምስጥ ባለበት የአፈር ወለል ቤት ውስጥ ደግሞ ለማንም አልሸጥም፤ አይጥና በረሮም ስታርቹን ይወዱታል።

ለክረምቱ መፍትሔ አለው፤ ግን ሥራ ይጠይቃል። ዕቃውን ከወለሉ በአምስት ሴንቲ ሜትር የጣውላ እግር ከፍ ማድረግ፣ ከግድግዳው በአንድ መዳፍ ስፋት ማራቅ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር መሸፈንና በውኃ የሚበጠበጥ ቫርኒሽ መቀባት። ቫርኒሹ የፈሰሰ ሻይ እስክትጠርጉት ድረስ ያግዳል፤ የወር ሙሉ እርጥበት ግን አያግድም። አንዳንድ ሻጭ «ውኃ አያስገባም» ሲል ካርቶኑ በስስ ፕላስቲክ ተለብጧል ማለት ነው። ይህ ያጠነክረዋል፤ ነገር ግን ወረቀቱና ፕላስቲኩ ስለማይለያዩ መልሶ ወረቀት ማድረግን ያከብደዋል። እንደገና ጥቅም ላይ ይውላል ብላችሁ ተጨማሪ ከፍላችሁ ከሆነ የተለበጠ መሆን አለመሆኑን ሳትጠይቁ አትውጡ። ጥርጣሬ ካላችሁ ከማይታይ ጥግ ትንሽ ቅደዱ፤ እንደ ወረቀት ከተቀደደ ወረቀት ነው፣ እንደ ፌስታል ከተለጠጠ ተለብጧል።

ያልተለበጠው ካርቶን ጭረቱ፣ ማለትም ወረቀቱ የተሠራበት የእንጨት ክር፣ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ያህል እንደገና ወረቀት ሊሆን ይችላል። ዕቃው ሲያረጅ ፕላስተሩን ላጡለት፣ የጣውላ እግሩን ለሚቀጥለው አስቀሩ፣ ጠፍጥፋችሁ እሰሩት፣ ጣሪያ ሥር አቆዩት። ዘይት ወይም ማር የፈሰሰበትን ክፍል ቆርጣችሁ ለዩ። ቆራሌው በኪሎ የሚገዛው ደረቁንና ንጹሑን ነው፤ ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ አስረክቡት።