በሐይቅ አቅራቢያ ያየሁት የበቀቀኖች ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ከደሴ ወደ ሐይቅ ወርደን በውኃው አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የመዝናኛ ስፍራ ዋልን። ምሳውም ቡናውም የሚያስመሰግን ነበር፤ ይህን አስተያየት ያስጻፈኝ ግን በግቢው መሃል የተሠራው የበቀቀኖች ቤት ነው።

ቤቱ ክብ ነው፤ ዙሪያውን በሽቦ ስለታጠረ ከየትኛውም ወገን ይታያል። ለጎብኚ ይመቻል፤ ለወፎቹ ግን ከሰው ዓይን የሚሸሸጉበት ጥግ አላስቀረላቸውም። ልጆች ሽቦውን በነካኩ ቁጥር መሃል ላይ ተሰብስበው እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። ቁመቱ ከሚረዝም ጎኑ ረዝሞ እንደ ልብ ቢያስበርራቸው፣ አንድ ወገኑም በግድግዳ ወይም በቅጠል ቢከለል በእጅጉ ይሻል ነበር። መቆሚያቸው ውፍረቱ የማይለያይ ለስላሳ የብረት ቱቦ ነው። በቀቀን ሁለት ጣቱን ወደ ፊት፣ ሁለቱን ወደ ኋላ አድርጎ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ወፍ በመሆኑ፣ ዘወትር በእንዲህ ያለ ብረት ላይ ሲቆም መርገጫው ይቆስላል። የተቆረጠ የወይራ ቅርንጫፍ ደግሞ እዚያው አጥሩ ሥር ተከምሯል።

ትንንሾቹ አረንጓዴ በቀቀኖች በተፈጥሮ የሚገኙት በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። የወንዱ ግንባር ቀይ፣ የሴቷ አረንጓዴ ነው፤ በዱር የሾላና የጽድ ፍሬ ይበላሉ፣ ሌሊት በዛፍ ሽንቁር ያድራሉ። ሰሌዳው ግን «በቀቀን» ብሎ ያበቃል።

«ጋሼ፣ ማታ የት ያድራሉ?» ብዬ ተንከባካቢውን ጠየቅኋቸው።

«እዚያው ብረቱ ላይ ነው ልጄ፤ ሲበርድ ዙሪያውን በጆንያ እሸፍንላቸዋለሁ።»

በየጠዋቱ ሾላ ለቅመው የሚያመጡላቸውም እርሳቸው ናቸው፤ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የጎደለው ማደሪያ ሳጥን ነው።

ከሁሉ ያሳዘነኝ በሂሳብ መክፈያው አጠገብ በጠባብ ሽቦ ቤት ለብቻው የተቀመጠው ግራጫ በቀቀን ነው። ዝርያው የመካከለኛውና የምዕራብ አፍሪካ ደን ተወላጅ ሲሆን፣ በዱር የተያዘው ለንግድ ከአገር ወደ አገር እንዳይዘዋወር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከልክሏል። በመንጋ የሚኖር ወፍ ብቻውን ሲውል ላባውን መንቀል ይጀምራል፤ የዚህኛውም ደረት ተራቁቶ ቆዳው ይታያል። እያየሁት አንዲት ላባ ነቅሎ ጥቂት ካኘካት በኋላ ጣላት። በሽቦው መሃል ደግሞ ከጭማቂ ቤቱ የተረፈ አቮካዶ ተሰክቶለታል። አቮካዶ ለበቀቀን መርዝ ነው። ለገንዘብ ተቀባይዋ ስነግራት ደንግጣ ወዲያው አወጣችው፤ ከዚያ በፊት ማንም አልነገራትም ነበር።