ከፍሊክ የመጀመሪያ ዓመት የትኞቹን ጨዋታዎች ሙሉውን ማየት ይገባል?

የባርሴሎናን የ2024/25 የውድድር ዓመት በጎሎቹ ቅንጭብ ብቻ ያየ ሰው ግማሹን አላየም። በላሊጋው 38 ጨዋታ 102 ግብና 88 ነጥብ ተመዝግቧል፤ ከሊጉ ጋር ኮፓ ዴል ሬይና የስፔን ሱፐር ካፕ ተወስደዋል። የሃንሲ ፍሊክ ቡድን ያን ሁሉ እንዴት እንዳገኘና ሻምፒዮንስ ሊጉ ለምን ከእጁ እንደወጣ የሚታየው ግን በመሐል ሜዳ አካባቢ በሚቆመው የተከላካይ መስመር ላይ ነው።

ባርሴሎና በሪያል ማድሪድ ሜዳ በበርናቤዩ 4ለ0 ባሸነፈበት ይጀመር። የሪያል ማድሪድ ተጫዋቾች 12 ጊዜ ከጨዋታ ውጪ ተይዘዋል፤ ስምንቱ የምባፔ ናቸው። ዓይን የባርሴሎናው የመሐል ተከላካይ ኢኒጎ ማርቲኔዝ ላይ ይሁን። ኳስ የያዘው ተጋጣሚ ጫና ሲደርስበት ወይም ፊቱን ወደ ራሱ ግብ ሲያዞር መስመሩን ወደ ፊት የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። አጥቂውን ከጨዋታ ውጪ የሚያስቀረው ይህ ወጥመድ የሚሠራው አቀባዩ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያይበት ጊዜ ካጣ ብቻ ነው። ኳሱ በግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ሯጩ መስመሩን አልፏል። ከእረፍት መልስ ዴ ዮንግ ሲገባ ባርሴሎና ኳሱን ይበልጥ መያዝ ቻለ፤ ሌቫንዶቭስኪም በ54ኛውና በ56ኛው ደቂቃ አከታትሎ አስቆጠረ።

ጫናው ሲላላ ምን እንደሚሆን ኅዳርና ታኅሣሥ አሳይተዋል። ከሪያል ሶሲዳድ ሽንፈት እስከ አትሌቲኮ ሽንፈት በነበሩ ሰባት የሊግ ጨዋታዎች የተገኘው አምስት ነጥብ ነው። ላስ ፓልማስ፣ ሌጋኔስና አትሌቲኮ ባርሴሎና በሜዳው ወደሚጫወትበት ሞንዡይክ ድረስ መጥተው አሸንፈው ሄዱ። ያማል በቁርጭምጭሚት ጉዳት በተደጋጋሚ መቅረቱም ጎድቷል። ከእነዚህ ውስጥ የሌጋኔሱ 0ለ1 ይበቃል፤ በአራተኛው ደቂቃ ከማዕዘን ምት ከገባች ግብ በኋላ የተዘጋ መከላከልን መስበር ምን ያህል እንደከበዳቸው ይታያል።

ከዚያ ቤንፊካ 4፣ ባርሴሎና 5። ግብ ጠባቂው ቴር ስቴገን በመስከረም ጉልበቱን ከተጎዳ በኋላ በምትኩ ከጡረታ የተመለሰው ቼዝኒ በዚህ ጨዋታ ከራሱ ቡድን ተከላካይ ከባልዴ ጋር ተጋጭቶ ግብ እንዲቆጠርበት ምክንያት ሆኗል፣ ፍጹም ቅጣት ምትም አሰጥቷል። ከፍ ብሎ የሚቆም መስመር ግብ ጠባቂው መቼ ከሳጥኑ መውጣት እንዳለበት በትክክል እንዲወስን ይጠይቃል፤ ያኔ ቅንጅቱ ገና አልበሰለም ነበር። በ68ኛው ደቂቃ 4ለ2 ተመርተው በ96ኛው ራፊንያ ጨረሰው። ራፊንያ በዚያ ሻምፒዮንስ ሊግ 13 ግብ አስቆጥሯል፤ ኳስ ሳይዝ የሚሮጠው ሩጫ ግን ለእኔ ከግቦቹ ይበልጣል።

ረጅም ጊዜ የሚገባቸው በሻምፒዮንስ ሊጉ ግማሽ ፍጻሜ ከኢንተር ጋር የተደረጉት ሁለቱ ጨዋታዎች ናቸው። በመጀመሪያው 3ለ3 የኢንተሩ ዱምፍሪስ ያስቆጠራቸው ሁለት ግቦች የመጡት ከማዕዘን ምት ነው፤ እዚያ የከጨዋታ ውጪ ወጥመድ አይረዳም፣ በቁመትም ኢንተር ይበልጣል። ባልዴ ከግማሽ ፍጻሜው በፊት ተጎድቶ ነበር፤ ኩንዴም በዚሁ ጨዋታ ተጎድቶ ወጣ። ስለዚህ በሚላኑ የመልስ ጨዋታ በቀኝና በግራ ተከላካይነት የተሰለፉት ጄራርድ ማርቲንና ኤሪክ ጋርሲያ ናቸው። የኢንተሩ ላውታሮ ግብ ትምህርት ቤት ናት፦ የባርሴሎናው ኦልሞ በራሱ ሜዳ ኳስ ተቀማ፣ ዲማርኮ ያለ አንዳች ጫና ለዱምፍሪስ ሰነጠቀለት፣ መስመሩ ከፍ እንዳለ ከኋላው ተከፈተ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ጄራርድ ማርቲን ለጋርሲያና ለኦልሞ አሻግሮ 2ለ2 ሆነ። ይህ ልጅ በኋላ የኢንተሩ አቸርቢ ባስቆጠራት ግብ ብቻ መታወሱ አይገባውም። ራፊንያ በ87ኛው 3ለ2 ካደረገ በኋላ ኳሱን ይዞ ሰዓት መግፋት ይቻል ነበር። ባርሴሎና ማጥቃቱን ቀጠለ፣ የያማል ምት ቋሚውን መታ፣ ወዲያው በ93ኛው አቸርቢ አቻ አደረገ። የኢንተሩ ፍራቴሲ በጭማሪው ሰዓት ጨረሰው፤ በድምሩ 7ለ6።

የኮፓው ፍጻሜ 3ለ2 ለፔድሪ ሲባል ሙሉውን ይታይ፤ ኩንዴ በ116ኛው ደቂቃ ያገባትን ግብ ማንም ያውቃታል። በግንቦት የተደረገውን የሊግ ክላሲኮ 4ለ3 እስከ እረፍት ማየት ይበቃል፤ ከ0ለ2 ወደ 4ለ2 የተገለበጠው በዚያ ነው። በዶርትሙንድ 3ለ1 የተሸነፉበት የመልስ ጨዋታና ዋንጫው ከተረጋገጠ በኋላ የመጣው የቪያሪያል ሽንፈት ቢዘለሉ የሚቀር ነገር የለም።