ዲሲ ሙዚየም ለመግባት «ፓስ» የሚሸጥላችሁ ካለ አትክፈሉ

ፎል፣ ማለትም ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዘመድ የመቀበያ ጊዜ ነው። የሰመሩ ወበቅ ያልፋል። ኦክቶበር መጨረሻ አካባቢ የሮክ ክሪክ ፓርክ ቅጠል ቢጫና ቀይ ይሆናል። እናትና አባትን ይዞ በእግር ለመዞር ደስ የሚል አየር ነው። ታዲያ በዚሁ ሰሞን «የዲሲ ሙዚየሞች ሙሉ ፓስ» ወይም «የፎል ፓኬጅ» የሚሸጥ ሰው ከገጠማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። የሚሸጥላችሁ ነገር በነጻ የሚገኝ ነው።

አክስቴና ባለቤቷ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ሲሉ አንድ አስጎብኚ ነኝ ባይ በቴሌግራም አገኛቸው። ለሁለቱ 240 ዶላር ጠየቀ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጃቸው በዜል፣ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚላክበት መተግበሪያ፣ ከፈለች። የገዙት ምን መሰላችሁ? የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መግቢያ፣ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም መግቢያ፣ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም መግቢያ፣ በዚያ ላይ ደግሞ «ሊንከን ሐውልት ጋ ፎቶ የመነሳት ፈቃድ»። አንዱም አይከፈልበትም። የሊንከን ሐውልት እንኳን ክፍያ ከልካይ በርም የለውም፤ ሌሊትም ቢሆን ወጥቶ ማየት ይቻላል። ለአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም የላከላቸው ቲኬት ደግሞ ሙዚየሙ ራሱ በነጻ የሚሰጠው ነው። ስልክ ደወሉለት፣ አያነሳም። እነዚህ ሰዎች ዶላር በስንት መከራ እንዳገኙ ስለማውቅ በጣም ነው የተናደድኩት። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ መግቢያ እንደማስከፈል ነው።

እዚህ ከተማ ነጻ የሆነውን እንወቅ። ስሚዝሶኒያን ብዙዎቹን የዲሲ ሙዚየሞች የሚያስተዳድር ተቋም ነው፤ ያቋቋመው የአሜሪካ ምክር ቤት፣ ኮንግረስ፣ እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። አብዛኛው በጀቱ የሚመጣው ከፌዴራል መንግሥት ነው። ማለትም እዚህ የምንኖር ሰዎች በታክሳችን ከፍለንበታል። ዲሲ ያሉት ሙዚየሞቹ በሙሉ መግቢያቸው ነጻ ነው። የእንስሳት ማቆያውም እንደዚሁ። ናሽናል ጋለሪ ኦቭ አርት የስሚዝሶኒያን አካል ባይሆንም እሱም ነጻ ነው። በአሜሪካ አህጉር ለሕዝብ የሚታየው ብቸኛው የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሥዕል ያለው እዚያ ነው። የኮንግረስን ሕንጻ ካፒቶልን መጎብኘት፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ ዋናው ቅጂ ያለበት ናሽናል አርካይቭስ፣ ሁሉም ነጻ ናቸው።

«ሳይሰለፉ መግባት» የሚለው ማባበያም ውሸት ነው። ሙዚየሞቹ ደጃፍ ላይ የምታዩት ሰልፍ በአብዛኛው የፍተሻ ነው። ቦርሳ ይፈተሻል፣ ሰው ይፈተሻል። ከዚያ የሚያስመልጥ ፓስ የለም። እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፤ አንዳንዶቹ ሰዓት ያለው ቲኬት አስቀድሞ መያዝ ይፈልጋሉ። ዋናው ከ2016 ጀምሮ ክፍት የሆነው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ነው። ፈላጊው ብዙ ነው፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ። ደላላ የሚጠቀመው በዚህ ነው፤ ነጻውን ቲኬት ቀድሞ ይይዝና ይሸጥላችኋል። እናንተም በስልካችሁ በደቂቃዎች ውስጥ መያዝ ትችላላችሁ። አድራሻውን ብቻ ልብ በሉ። የስሚዝሶኒያን ድረ ገጽ ኤስ አይ ዶት ኢዲዩ ነው፤ የሌሎቹ የመንግሥት ቦታዎች ድረ ገጽ መጨረሻው ዶት ጎቭ ነው። ጉግል ላይ ከላይ «ማስታወቂያ» ተብሎ የሚመጣውን እለፉት።

በእውነት የሚከፈልበትም አለ፤ እሱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ስፓይ (የስለላ) ሙዚየምና የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም የግል ናቸው፣ ያስከፍላሉ። የዋሽንግተን ሞኑመንት፣ የረጅሙ የድንጋይ ሐውልት፣ ቲኬት አስቀድማችሁ ኦንላይን ስትይዙ በሰው 1 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ አለው። የእንስሳት ማቆያውና ቻንቲሊ፣ ቨርጂኒያ ያለው ትልቁ የአውሮፕላን ሙዚየም መግቢያቸው ነጻ ቢሆንም ፓርኪንግ ያስከፍላሉ። ፓኬጅ ሻጮች አንድ የሚከፈልበት ቦታ ወስደው አሥር ነጻ ቦታ ይጨምሩበታል። «አሥራ አንድ ቦታ በዚህ ዋጋ!» ሲባል ርካሽ ይመስላል። የሚከፈልበትን ብቻ ለይታችሁ ዋጋውን ጠይቁ፣ ከዚያ አወዳድሩ።

መኪና ይዞ ቀኑን ሙሉ ለሚያዞር፣ በአማርኛ ለሚያስረዳ አስጎብኚ መክፈል ነውር የለውም። ሥራ ነው። ግን «ለመኪናዬና ለጊዜዬ ይህን ያህል» ብሎ በግልጽ ይናገር። በመግቢያ ስም አይቀበል።

አሁን ስለ ወቅቱ። ፎል ላይ የማይመለስ ገንዘብ መክፈል የባሰ አደገኛ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያስበውም። የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚያልቀው ሴፕቴምበር 30 ነው። ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ ከቀረ ብዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ሙዚየሞቹም ወዲያው ወይም ቆየት ብለው ይዘጋሉ። በ2013 ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘግተዋል። በ2025 ደግሞ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ከኦክቶበር 12 እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ተዘግተው ነበር። ቅጠሉ በሚያምርበት ወር ማለት ነው። «ገንዘብ አይመለስም» የሚል ፓኬጅ ገዝታችሁ በሩ ቢዘጋ ማንም አይመልስላችሁም።

እንዲህ ከሆነ እንግዳችሁን ባልቲሞር ውሰዱ። ዎልተርስ የሚባለው የጥበብ ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው። የፌዴራል መንግሥት ስላልሆነ በበጀት ጭቅጭቅ አይዘጋም። ከዲሲ በመኪና መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ግን ዝግ ነው። የሚያስደስተው ደግሞ የራሳችን ነገር እዚያ መኖሩ ነው፤ የብራና መጻሕፍት፣ የእንጨት ላይ ሥዕሎች፣ የመጾር መስቀሎች። ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያ ቅርስ ስብስቦች አንዱ ነው። እናቶቻችን ከየትኛውም የሚበልጥባቸው ይህ ይመስለኛል።

የከፈላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ተንቀሳቀሱ። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ደውላችሁ ክፍያውን እንደምትቃወሙ ንገሩ። ክፍያው መጀመሪያ የታየበት የካርዱ የሂሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ ጀምሮ 60 ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ። በዜል ከሆነ ማስመለሱ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ለባንኩ አሳውቁ። የተጻጻፋችሁትን አታጥፉ፤ ሰውየው ከማጥፋቱ በፊት ስክሪንሾት አንሱ። ከዚያ ለፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን (ኤፍ ቲ ሲ) እና ለዲሲ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አመልክቱ።