የኤሌክትሪክ ምጣዴ ከወራት በኋላ፦ እንጀራው፣ ደረሰኙና ቆጣሪው

የሱቅ እንጀራ ኪሴን ሲያራቁተው መርካቶ ወርጄ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። አገር ውስጥ የተገጠመ ነው፤ ሸክላው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ አክንባሎው አሉሚኒየም። ክረምቱንም በጋውንም ጋገርኩበት፣ አሁን አፍ ሞልቼ ማውራት እችላለሁ።

ከደረሰኙ ልጀምር። ዋጋ ስንከራከር ሻጩ «እህቴ፣ ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሻለሁ» አለኝ። ቫት 15 በመቶ ነው፣ ያጓጓል። እምቢ አልኩ። እንኳንም እምቢ አልኩ፣ ምክንያቱም ምጣዱን በደንብ አሟሽቼው እንኳ በአንድ በኩል እንጀራው ዓይን ሲያወጣ በሌላው በኩል ሊጡ ድፍን ብሎ ይቀራል፣ ሲነሳም ይቀደዳል። ከሸክላው ሥር ያለው ሬዚስታንስ (የሚግለው ሽቦ) እኩል ካልተዘረጋ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ይዤው ስመለስ ሻጩ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ጠቆመኝ። ይህ ወረቀት የሌለበት ሱቅ ካለ ንገሩኝ! የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ መመለስ ሌላ፣ ዕቃው ጉድለት አለበት ብሎ መመለስ ሌላ። ወረቀቱ ሁለቱን አንድ ላይ ይጨፈልቃቸዋል። ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ካልሆነ ንግድ ቢሮ እንገናኝ አልኩት። ተነጫነጨ፣ ተነጫነጨና ሌላ አወጣ። እዚያው ሰክተነው፣ ውሃ ጠብ ጠብ አድርገንበት፣ ዙሪያውን እኩል ሲንጨረጨር አይቼ ነው የወሰድኩት። ዋስትናውም ሸክላውን እንደማይጨምር ያኔ ነው ያነበብኩት፤ ከተሰነጠቀ በራስ ነው።

ሁለተኛው ጎበዝ ነው። በጎመን ዘር አሰስ ሳደርገው አይዝም፣ እንጀራው ዓይናማ ነው፣ ሳይደርቅም ይነሳል። የማልወድለት ስፒናውን ነው። ብዙ ሳይቆይ አንዱ እግሩ ጠቆረ፣ የፕላስቲክ ሽታ መጣ። 3500 ዋት የሚስብ ዕቃ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይፈልጋል፤ ተራ ሶኬት ይህን ረጅም ሰዓት አይችለውም፣ ዲቫይደርማ ጭራሽ አይታሰብም። ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ወፈር ያለ ገመድ ከራሱ ብሬከር ጋር አስዘረጋሁ። ምጣድ ስትገዙ ይህን ወጪ ከዋጋው ጋር ደምሩት፣ ሻጭ አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ቆጣሪው። ምጣዱ በሰዓት 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። እኔ በሳምንት ሁለት ሰዓት ያህል ስለምጋግር በወር 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይመጣል። የመጀመሪያው የታሪፍ እርከን 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው፣ ምጣዱ ብቻውን ከግማሽ በላይ ይወስደዋል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሲኬድ የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል፣ ታሪፉ ራሱም ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እያደገ ነው። ሸክላው እስኪሞቅ ከ10 ደቂቃ በላይ ስለሚፈጅ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ጋግሩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች እኔ አጥፍቼው ነው የማወጣቸው፣ ሙቀቱ ይበቃል።

ተከራዮች ደግሞ አስቡበት። ከአከራይ ጋር በአንድ ቆጣሪ የምትጠቀሙ ከሆነ የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ከፍ ያለው እርከን ውስጥ ይገባል። አከራዮች «ምጣድ አይቻልም» የሚሉት ለክፋት ብቻ አይደለም። የጋገራውን ሂሳብ እንዴት እንደምትካፈሉ ቤቱን ሳትይዙ ተነጋገሩ፣ ከቻላችሁም በጽሑፍ።

የራሱ ቆጣሪ ላለው ቤተሰብ ምጣዱን ያለማመንታት እመክራለሁ። ብቻውን ለሚኖርና በሳምንት አምስት ስድስት እንጀራ ለሚበቃው ሰው ግን፣ ከነገመዱና ከነብሬከሩ ወጪውን መመለሱ ያጠራጥረኛል፤ እሱ ከሱቅ ቢገዛ ይሻለዋል።