ለእናታችን ጉልበት ለደረሰችልን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን ለማመስገን ነው፤ ቤቱ ውስጥ አቅም የከዳው እናት ወይም አባት ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ እንዲሰማኝ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ትቼዋለሁ እንጂ ቢፈቀድልኝ በትልቅ ሰሌዳ አጽፌ መንገድ ዳር ባሰቅለው አልጠግብም ነበር።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት ከበዳት፤ ቀጥሎ ከሶፋ ለመነሳት እጇን የሚይዝላት ሰው መፈለግ ጀመረች። በኋላ ቡና ማፍላቱንም ተወችው፤ በርጩማው ላይ ከተቀመጠች መነሳት አትችልምና። እናቱ ቡና ያቆመችበት ቤት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።

ያልሄድንበት የለም። አንዱ ዘንድ ገና በወጉ ሳትቀመጥ «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል!» ተባልን። የካርዱን ግን ከፍለናል። ሌላው ዘንድ የቫይታሚን መርፌ እየተባለ ገንዘባችን አለቀ እንጂ እሷ ያገኘችው ነገር የለም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሚዛን ላይ አውጥተው «ክብደትዎ በዝቷል፤ ምግብ ይቀንሱ» ብለው የሸኟት ናቸው። እናቴ ሐኪም ያለውን አታጓድልም። ጾሙም ተደርቦበት በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ጥቂት፣ መቅመስ ያዘች። ኪሎዋ ትንሽ ቀነሰ፤ እሷ ግን ጭራሽ ግድግዳ ሳትይዝ መራመድ አቃታት። ደግሞም ሁሉም የሚያናግሩት እኔን ነበር፤ እሷ እዚያው ተቀምጣ!

ይህችን ልጅ የጠቆመችን ጎረቤታችን ናት፤ እግዚአብሔር ይስጣት። ልጅቷ ቤታችን እንደገባች ከእናቴ ጎን ተቀመጠችና «እማማ፣ እንደ ድሮው ባደረግሁት ብለው የሚናፍቁት ነገር ምንድን ነው?» አለቻት። እናቴ ሳታመነታ «ቡናዬን ራሴ ማፍላት» ስትል፣ ልጅቷ በርጩማውን አስመጥታ ከፍታውን በሜትር ለካች። እኔ እንባዬ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ያን ሁሉ ስንዞር በርጩማው ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ከወንበር 5 ጊዜ እንድትነሳ ጠየቀቻት። ከ15 ሰከንድ በላይ የፈጀበት ሰው ጡንቻው ሳይደክም አይቀርም አለችን። እናቴ ሁለተኛው ላይ መነሳት አቃታት። በዕድሜ ምክንያት ጡንቻ መመንመኑ ሳርኮፔኒያ እንደሚባል፣ ስቡ እንዳለ ሆኖ ጡንቻው ሲያልቅ ደግሞ ሚዛን ምንም እንደማይናገር ነገረችኝ። የቀረውን ማብራሪያ እኔ አልያዝኩትም፤ አያስፈልገኝምም።

ሥራዋን ግን አይቻለሁ። ወንበሩ ላይ ጋቢዎች አጣጥፋ ደራርባ ከፍ ካደረገችው በኋላ «ይነሱ፣ ይቀመጡ» ታሰኛታለች። ለእናቴ ሲቀልላት ልጅቷ አንዱን ጋቢ ታወጣለች። ጋቢው ሲያልቅ ወደ አጭር ወንበር፣ ከዚያም ወደ በርጩማው። ለክንዷ በሃይላንድ ውሃ ሞልታ ታስነሳታለች። ጾሟን አልነካችባትም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ በየማዕዱ እንዳይጠፋ፣ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ ቢያንስ 1 ግራም ፕሮቲን እንድታገኝ አስልታ ጻፈችልን። ለፍስኩ ቀን ደግሞ እንቁላልና ወተት አለች።

ወንድሜ «በዚህ ዕድሜ ስፖርት?» ብሎ ሊያላግጥ ሞክሮ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ቦስተን ውስጥ ዕድሜያቸው 90 አካባቢ የሆኑ አዛውንቶች ለ8 ሳምንታት ክብደት ሲያነሱ ቆይተው የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ እንደጨመረ፣ ከመካከላቸውም ሁለቱ ምርኩዛቸውን እንደተዉ ነገረችው። አሁን ጋቢ የሚያጥፈው እሱ ነው።

እናቴ ዛሬም ውጭ ስትወጣ ምርኩዝ ትይዛለች፤ ተአምር ሆነ አልልም። ቡናውን ግን ከመቁላቱ እስከ በረካው ራሷ ታፈላለች፤ ሌላ ሰው ጀበናውን ከነካም ትቆጣለች።

እባካችሁ «እርጅና ነው» ተብላችሁ የተመለሳችሁ ሁሉ ይህችን ልጅ አግኟት። ዋጋዋ የሚያስፈራ አይደለም። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበትን አስቀድሞ ሐኪም ካላየው አትጀምርም፤ ይህም ያኮራል። ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ታካሚ ቤት ስትሆን ስልክ አታነሳም፤ መልእክት ትታችሁ ጠብቁ፣ ማታ ትደውላለች።