በአሥር ዓመት አራተኛው ጭነት፦ ከቴክሳስ ኦሃዮ ያደረሱን ዕቃ አጓጓዦች

ባለቤቴ ስልኩ የተደወለለት ማክሰኞ ማታ ነው። ሐሙስ ጠዋት አንድ ሻንጣና ላፕቶፑን ይዞ ኦሃዮ ገባ። እኔ ከስምንት ዓመቷ ልጄና ከአራት ዓመቱ ወንድሟ ጋር፣ ከነሙሉ ቤቱ፣ ቴክሳስ ቀረሁ። የኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል ረዳት አሰልጣኝ ያገባች ሴት ይህን ታውቀዋለች። ሥራ የሚገኘው በጥር ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በግንቦት መጨረሻ። በመካከሉ ቤት የምንነቅለው እኛ ነን።

ይህ አራተኛ ጭነቴ ነው። ስለ ሌላ ነገር አስተያየት ጽፌ አላውቅም፤ ስለ ዕቃ አጓጓዦች ግን በደንብ መናገር እችላለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የዚህኛው ድርጅት ባለቤት ዳላስ አካባቢ የሚኖሩ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ሁለት የጭነት መኪና፣ የወንድማቸው ልጅና አራት ሠራተኞች አሏቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል፤ ከአቅማቸው በላይ ሰው ቢመጣባቸው ሥራው ይበላሻል ብለው ይሰጋሉ። ለሚጠይቀኝ ሰው ስልካቸውን አስፈቅጄ እሰጣለሁ።

መጀመሪያ ስደውል «መቼ ነው የምትሄዱት?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ባለቤቴ ኦሃዮ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ነው ያለው፣ የፀደይ ልምምድ ሳያልቅ ቤት መፈለጊያ ጊዜ የለውም፣ የምንገባበትን ከተማ እንጂ አድራሻውን አላውቅም። ሌሎቹ ድርጅቶች እዚህ ላይ ነው ስልኩን ለመዝጋት የሚቸኩሉት። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ቀኑን አሁን አትንገሪኝ። መጀመሪያ መጥቼ ዕቃሽን ልየው» አሉ። ቅዳሜ መጡ። ቁም ሳጥን ከፈቱ፣ አልጋ ሥር አዩ፣ ጋራዡን ዞሩ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። በስልክ ብቻ ዋጋ የሚነግራችሁን ሰው አትመኑ የምለው ለዚህ ነው።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። በ2020 መጀመሪያ ከካንሳስ ወደ ቴነሲ ስንሄድ በስልክ ያነጋገርኩት ሰው አጓጓዥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ደላላ ነው። ቀብዱን ተቀበለና ጭነቱን ለማላውቃቸው ሰዎች ሰጠው። የነገረኝ ግምት 4,200 ዶላር ነበር። ዕቃው ቴነሲ በራችን ላይ ሲደርስ ሾፌሩ 6,900 ካልከፈልሽ የመኪናውን በር አልከፍትም አለ። ባለቤቴ ስብሰባ ላይ ነው፣ ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ውጭው ይበርዳል። ከፈልኩ። ቴሌቪዥኑ ተሰንጥቆ ወጣ። ስጠይቅ 24 ዶላር እንሰጥሻለን አሉኝ። የፈረምኩት ወረቀት ለአንድ ፓውንድ ክብደት 60 ሳንቲም ብቻ የሚከፍለው ዓይነት ዋስትና ነበር፤ ቴሌቪዥናችን 40 ፓውንድ ይመዝናል።

ከዚያ በኋላ ነው ሕጉን ተቀምጬ ያነበብኩት። ከክልል ወደ ክልል ሲጫን የፌዴራል ሕግ አለ። ባይንዲንግ ያልሆነ፣ ማለትም በተነገረው ዋጋ የማይታሰሩበት ግምት ሰጥተው ሒሳቡ ከጨመረ፣ ዕቃውን ለማስረከብ በዚያ ቀን ሊጠይቁ የሚችሉት ከግምቱ 110 በመቶ ነው፤ የቀረውን ቢያንስ 30 ቀን ቆይተው ነው የሚያስከፍሉት። እኔ በር ላይ መክፈል የነበረብኝ 4,620 ነበር። ለተበላሸ ዕቃ ደግሞ በጽሑፍ አቤት ለማለት ዘጠኝ ወር አላችሁ። ይህን ሁሉ የያዘች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አለች፤ አጓጓዡ ሳያስፈርማችሁ በፊት ሊሰጣችሁ ይገባል። ለእኔ ያን ጊዜ የሰጠኝ አልነበረም።

የዳላሱ ሰውዬ መጽሐፏን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ይህን ሳታነቢ እንዳትፈርሚ» አሉኝ። ያኔ ነው ልቤ ያረፈው። ዋጋው 5,800 ዶላር፣ ባይንዲንግ፣ አንድ ወር መጋዘን ቢቆይም የማይጨምር። የመጫኛውን ቀን ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ካሳወቅኳቸው ያለ ቅጣት መቀየር እችላለሁ። ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። አንድ ጊዜም ድምፃቸው አልተለወጠም።

ለምን ይህን ያህል ስለ ቀን እንደማወራ የሙያውን መንገድ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ባለቤቴ በ2015 ሚዙሪ ውስጥ ግራጁዌት አሲስታንት፣ ማለትም እየተማረ የሚሠራ ረዳት ሆኖ ጀመረ። ማስተርሱን በነፃ ይማራል፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይሰጡታል፣ በምትኩ ሌሊት የተጋጣሚን ቪዲዮ ይቆርጣል፣ ለልምምድ የሚሆነውን የአሰላለፍ ካርድ ይስላል። በ2017 ካንሳስ ውስጥ አንድ የዲቪዥን ሁለት (ዝቅ ያለ እርከን) ኮሌጅ ላይንባከር የሚባሉትን ተከላካዮቹን እንዲያሠለጥን ቀጠረው። ያን ጊዜ ልጅ አልነበረንም፤ የኪራይ መኪና ይዘን ራሳችን ነዳነው። ቀጥሎ ቴነሲ፣ ኤፍሲኤስ የሚባለው፣ ከትልቁ አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው እርከን። እዚያ ዋናው አሰልጣኝ በኅዳር ከመጨረሻው ጨዋታ ማግስት ሲሰናበት ረዳቶቹም አብረው ወጡ። ረዳት በሥራው ቢመሰገንም አለቃው ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል፤ አዲሱ አለቃ የራሱን ሰዎች ይዞ ይመጣል።

በ2023 ቴክሳስ ሄድን፣ ትልቁ እርከን ላይ፣ ግን አናሊስት፣ ማለትም ጨዋታ አጥኚ ሆኖ። አናሊስት ያኔ ልምምድ ላይ ተጫዋች ማስተማር አይፈቀድለትም ነበር። የሚያስተምሩት በዋናነት ዋናው አሰልጣኝና አሥር ረዳቶች ነበሩ፤ አሥረኛው ራሱ የተጨመረው በ2018 ነው። ባለቤቴ አንድ ዓመት ከመስመር ውጭ ቆሞ አፉን ዘግቶ ተመለከተ። ቤት ሲገባ ለልጃችን ነበር የላይንባከርን እግር አጣጣል የሚያሳያት። በሰኔ 2024 የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ ያን ገደብ ሲያነሳ ፊሽካውን መልሶ አንገቱ ላይ አደረገ፤ በዚያው ወቅት ሥራው ታየለትና የኦሃዮው ስልክ በጥር 2025 መጣ።

ተስፋ ሲቆርጥ የሚያነሳው የታዋቂውን የኮሌጅ ፉትቦል አሰልጣኝ የከርቢ ስማርትን መንገድ ነው፤ ለሥራ የተዘዋወረባቸውን ከተሞች ይቆጥራል። በ2000 ቫልዶስታ፣ በ2002 ታላሃሲ፣ በ2004 ባተን ሩዥ፣ በ2005 አቴንስ፣ በ2006 ማያሚ፣ በ2007 ታስካሉሳ፣ አላባማ። ከዚያ በኋላ ነው አላባማ ረግቶ የተቀመጠው፣ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲን ቡድን ተረክቦም በ2021 እና በ2022 ሻምፒዮን ያደረጋት። ባለቤቴ ዋንጫዎቹን ያያል። እኔ በስምንት ዓመት ስድስት ከተማ ብዬ ካርቶኑን እቆጥራለሁ። በዚህ ሙያ ላሉ ቤተሰቦች አጓጓዥ እንደ ሐኪም ነው፤ ታማኙን ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ወደ ጭነቱ ልመለስ። በሰኔ መጀመሪያ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አራቱ ሠራተኛ ልጆች መጡ። መሶቡን፣ ጀበናውንና ስኒዎቹን ለብቻ አሸጉልኝ፤ ስለ መሶብ ማስረዳት ሳያስፈልገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከካንሳስ ወደ ቴነሲ ስንሄድ ከላዩ ካርቶን ደርድረውበት አክርማው ተሰባብሮ ነበር። የባለቤቴ የሥራ ክፍል ውስጥ ነጭ ሰሌዳ አለ፣ በጥር ሲሄድ የሳለው የመከላከል አሰላለፍ እንዳለ ነው፣ ጥጉ ላይ ልጃችን አበባ ጨምራበታለች። አንደኛው ልጅ «እህቴ፣ ይጥፋ?» አለኝ። አይጥፋ አልኩት። ጽሑፉ እንዳይነካ ዙሪያውን በካርቶን ከፍ አድርጎ፣ ከላይ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ጫነው። ኦሃዮ ሲፈታ አንድ መስመር አልጠፋም። ባለቤቴ እንዳየው ዝም ብሎ ቆመ፣ ከዚያ ልጁን ተሸከማት።

ጉድለታቸውን ሳልናገር ባልፍ ግን ትክክል አይሆንም። ሐሙስ እናደርሳለን ያሉትን ቅዳሜ ነው ያደረሱት። ከአንድ ሺህ ማይል በላይ ነው፣ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸ፤ በየቀኑ ደውለው ነግረውኛል። ቢሆንም ሁለት ሌሊት ከልጆቼ ጋር ባዶ ወለል ላይ ተኝቻለሁ፤ ትርፍ መኪና ስለሌላቸው ይህ ነገ በሌላውም ላይ ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ምጣዴ ክዳን ተሰንጥቋል። የወሰድኩት ሙሉ ዋጋ የሚከፍለውን ዋስትና ስለነበር ከፍለውኛል፣ ግን ገንዘቡ እስኪደርሰኝ 40 ቀን ወሰደ። ዕቃው የት እንደደረሰ በስልክ ካልሆነ በሌላ መንገድ ማየት አይቻልም። በካርድ ከከፈላችሁ ሦስት በመቶ ይጨምራሉ፤ ይህን ቀድመው ሊነግሩኝ ይገባ ነበር።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር፦ ዩኒቨርሲቲው የመዛወሪያ ብሎ 7,500 ዶላር ሰጥቶናል። እጃችን የገባው ግን 5,100 ነው። ከ2018 ወዲህ አሠሪ ለመዛወሪያ የሚሰጠው ገንዘብ እንደ ደሞዝ ተቆጥሮ ግብር ይቆረጥበታል። ውል ስትፈራረሙ ቁጥሩ ከግብር በፊት ይሁን ከግብር በኋላ ጠይቁ፤ ባለቤቶቻችሁ በደስታ ፈጥነው ይፈርማሉና እናንተ ጠይቁላቸው።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አንዱን የያዝኩት ለሁለቱ ሌሊት ነው። በሰኔ ለመጫን የምትፈልጉ በመጋቢት ደውሉላቸው፤ መኪኖቹ ሁለት ብቻ ናቸው። በኅዳር መጨረሻ የአለቃችሁ ወንበር እየተነቃነቀ ከሆነ ደግሞ ውጤቱን አትጠብቁ፣ ያን ሳምንት ደውላችሁ ዕቃውን አሳዩአቸው፤ ማየቱ በነፃ ነው።